የቤትዎ ኔትወርክ ስንት በር አለው?

«የዋይፋይ ፓስወርዴ ከባድ ነው» የሚል ሰው ቤቱን የቆለፈ ይመስለዋል። ፓስወርዱ የሚጠብቀው ግን አንዱን በር ብቻ ነው፤ ያውም አጥቂው ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ መቆም የሚኖርበትን በር። ከዚህ ሌላ ሁለት በር አለ። አንደኛው ኢንተርኔቱ በኬብል የሚገባበት ነው፤ በዚህ በኩል የሚያንኳኳው ሰው የዓለም ጫፍ ላይ ሊሆን ይችላል። ሌላው ከውስጥ የሚከፈት ነው፤ ከፋቹም ራሳችን ገዝተን ያስገባነው ካሜራ፣ ቴሌቪዥን ወይም አሮጌ ላፕቶፕ ነው። «ጎረቤት ዋይፋይ ሰረቀኝ» ብዙ ይወራለታል፤ ከበድ ያለው ጉዳት ግን የሚመጣው በሁለቱ ሌሎች በሮች ነው። ሥራውም ከእነሱ ቢጀመር ይሻላል።

«ማን እኔን ብሎ ይመጣል?»

ማንም እርስዎን ብሎ አይመጣም፤ ችግሩም ይኸው ነው። የሚያንኳኳው ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ነው፤ የቤቱን ባለቤት አይመርጥም። ዛሬም በብዛት በሚሠራበት የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት፣ በአይፒቪ4፣ ያሉት አድራሻዎች ሁሉ ተደምረው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ የተባለ መሣሪያ ሲያወጡ፣ ጥሩ መስመር ያለው አንድ ኮምፒውተር ይህን ሁሉ አድራሻ ለማዳረስ ከ45 ደቂቃ ያነሰ እንደሚበቃው አሳይተዋል። እርስዎ ይህን በሚያነቡበት ሰዓት ራውተርዎ እየተንኳኳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሩ ሲከፈት ምን እንደሚሆን ደግሞ ሚራይ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተለቀቀው ይህ ቫይረስ ምንም የረቀቀ ነገር አልነበረውም። 60 ገደማ የፋብሪካ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ይዞ፣ «አድሚን» ከ«አድሚን»፣ «ሩት» ከ«123456» እያለ መሞከር ብቻ ነበር ሥራው። በዚህ ብቻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ያዘ፤ እነሱም በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 የድረ ገጽ ስሞችን ወደ አድራሻ በሚተረጉመው ዳይን በተባለው ድርጅት ላይ ዘምተው ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ትልልቅ ገጾች ለሰዓታት እንዳይከፈቱ አደረጉ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች አብዛኞቹ ምንም አላወቁም፤ ካሜራው እንደ ወትሮው ይቀርጽላቸው ነበር።

ራውተሩ መጥፎ ዘበኛ አይደለም

አቅራቢው ለቤቱ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ አንድ አድራሻ ነው። ራውተሩ ደግሞ ለውስጥ ዕቃዎች በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምሩ የራሱን አድራሻዎች ያድላል። ስልክዎ አንድ ገጽ ሲጠይቅ «ይህን የጠየቀው 192.168.1.23 ነው» ብሎ ይመዘግባል፤ መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ያደርሳል። ማንም ሳይጠራው ከውጭ የመጣ ነገር መዝገቡ ላይ ስለማይገኝ ይጣላል። ናት የሚባለው ይህ አሠራር የመጣው አድራሻ ስላጠረ ነው እንጂ ለጥበቃ ተብሎ አይደለም፤ ቢሆንም ሳይታሰብ ደህና አጥር ሆኗል።

አጥሩ የሚፈርሰው ራውተሩ ራሱ ሲያዝ ነው፤ ወይም ሰው ወይም ዕቃ «በዚህ ፖርት (ቁጥር በተሰጠው መግቢያ) ለሚመጣ ክፈትለት» ብሎ ሲያዘው። አንድ ሌላ ክፍተትም አለ። አቅራቢዎ አዲሱን የአድራሻ ሥርዓት፣ አይፒቪ6ን፣ የሚሰጥ ከሆነ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱን የውጭ አድራሻ ያገኛል፤ ያኔ ናት የለም፤ የሚከላከለው የራውተሩ ፋየርዎል ብቻ ነው። በራውተሩ ገጽ ላይ የአይፒቪ6 ፋየርዎል የሚል መስመር ካለ በርቶ እንደሆነ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚያየው ሰው ግን ጥቂት ነው።

የራውተሩን ገጽ መክፈት

በስልክዎ የዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ የተገናኙበትን ኔትወርክ ሲነኩት «ጌትዌይ» ወይም «ራውተር» ከሚል ቃል ጎን ቁጥር ይታያል፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ቁጥሩን በብራውዘሩ የአድራሻ መስመር ላይ ይጻፉት። ጎግል ላይ አይፈልጉት፤ ፍለጋው የራውተር መግቢያ መስለው ፓስወርድ የሚለቅሙ ገጾች ላይ ሊጥልዎ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት ፓስወርዶችን ያምታታል። አንዱ ከዋይፋዩ ጋር የሚያገናኝ ነው፤ ሌላው ይህን ገጽ የሚከፍተው የአድሚን ፓስወርድ ነው። የመጀመሪያውን አሥር ጊዜ የቀየረ ሰው ሁለተኛውን ጨርሶ ሳይነካው ዓመታት ያልፉታል። ፓስወርዱ እንደ ፋብሪካው ከሆነ፣ አንድ እንግዳ ዋይፋይ ተሰጥቶት ሲገባ፣ ወይም እቤት ያለ አንድ ኮምፒውተር ቫይረስ ሲይዘው፣ የራውተሩ ቁልፍ አብሮ ተላልፏል። አዳዲስ ራውተሮች ከታቻቸው በተለጠፈ ስቲከር ላይ ለየብቻቸው የተለየ ፓስወርድ ይዘው ይመጣሉ፤ ይህ ከ«አድሚን» እጅግ ይሻላል፤ ነገር ግን ስቲከሩን ሳሎን የገባ ሁሉ ፎቶ ሊያነሳው ይችላል። ስለዚህ ይቀይሩት፤ አዲሱንም ወረቀት ላይ ጽፈው መሳቢያ ውስጥ ያኑሩት። ወረቀት ላይ መጻፍ ነውር የሚመስለው አለ፤ ከኢንተርኔት የሚመጣው ሌባ ግን መሳቢያ አይከፍትም።

ቀጥሎ «ሪሞት ማኔጅመንት» ወይም «ሪሞት አክሰስ» የሚለውን ይፈልጉ። ይህ ከበራ የራውተሩ መግቢያ ገጽ ለዓለም ሁሉ ይታያል። ያጥፉት። ቴልኔት የሚል ካዩም እንደዚሁ።

ከዚያ ፈርምዌር። ፈርምዌር የራውተሩ ውስጣዊ ሶፍትዌር ነው፤ ቀዳዳ ሲገኝበት አምራቹ አዲስ ይለቃል። «አውቶማቲክ አፕዴት» ካለ ያብሩትና ይገላገሉ። ከሌለ በሁለትና በሦስት ወር አንዴ ገብተው «ቼክ» የሚለውን ይጫኑ። አፕዴቱ በሚጫንበት ጊዜ መብራት ቢጠፋ ራውተሩ ዳግም ላይነሳ ይችላል፤ ስለዚህ መብራት አስተማማኝ በሆነበት ሰዓት፣ ከተቻለም በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ተገናኝተው ያድርጉት፤ ገጹ ጨርሻለሁ እስኪል ሶኬቱን አይንኩ። አምራቹ ለሞዴልዎ አፕዴት መስጠት ካቆመ ግን ራውተሩ ምንም ደህና ቢሠራ ጊዜው አልፏል። የሚቀጥለው ቀዳዳ የሚደፍነው የለም።

በዚሁ ገጽ የኢንተርኔት ወይም «ዋን» በሚለው ክፍል የዲኤንኤስ አድራሻዎች አሉ። ዲኤንኤስ የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉም የስልክ ማውጫ ነው ይበሉት። ራውተር የሚሰብር ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀይረው ይህን ነው፤ ያኔ እቤት ያለው ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ የባንኩን ስም በትክክል ጽፎ ወደ ሌባው ገጽ ይሄዳል። እዚያ መገኘት ያለበት የአቅራቢዎ ቁጥር ነው፤ ወይም እርስዎ አውቀው ያስገቡት እንደ 1.1.1.1፣ 8.8.8.8 ወይም 9.9.9.9 ያለ። የመጨረሻው የታወቁ አደገኛ ገጾችን ስም ከመተርጎሙ በፊት ያግዳል፤ ለቤት እሱን እናስቀድማለን። ስልክዎ ላይ ዲኤንኤሱ 192.168.1.1 ቢል አይደንግጡ፤ ስልኩ የሚጠይቀው ራውተሩን ስለሆነ ነው። እውነተኛው መልስ ያለው ራውተሩ ውስጥ ነው።

የአየሩ በር

እስካሁን ዋይፋዩን አልነካነውም። አሁን ወደ እሱ።

የዋይፋይ መቆለፊያ በትውልድ ይለያያል። አንጋፋው ዌፕ እ.ኤ.አ. በ2001 ተሰብሯል፤ ዛሬ በደቂቃዎች ይከፈታል፤ ራውተሩ ከእሱ ሌላ ምርጫ ከሌለው ራውተሩን መጣል ነው። ደብሊውፒኤ2 የመጣው በ2004፣ ደብሊውፒኤ3 በ2018 ነው። ምርጫው ሲመጣ 3ን፣ አሮጌ ዕቃ አልገናኝም ሲል 2 እና 3 የተደባለቁበትን፣ እሱም ከሌለ 2ን ከኤኢኤስ ጋር ይምረጡ። ቲኪፕ የሚለውን ይተዉት።

በ2 እና በ3 መካከል ያለው ልዩነት ማወቅ የሚገባው ነው። በደብሊውፒኤ2 አንድ ስልክ ሲገናኝ ከራውተሩ ጋር የሚለዋወጣቸውን አራት መልእክቶች አየር ላይ ጠልፎ የያዘ ሰው፣ ከዚያ በኋላ እርስዎ ዘንድ መቆየት አያስፈልገውም። ቤቱ ሄዶ በራሱ ኮምፒውተር ፓስወርድ በፓስወርድ ይሞክራል። «አምስት ጊዜ ከተሳሳተ ይዘጋል» የሚባል ነገር የለም፤ ራውተርዎ እየተሞከረበት መሆኑን እንኳ አያውቅም። ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ በሴኮንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ፓስወርድ ይሞክራል። አሁን ፓስወርዱን የስልክ ቁጥር ያደረገውን ሰው ያስቡት። የቁጥሩ መነሻ ስለሚታወቅ የሚቀረው 8 አሃዝ ነው እንበል፤ ይህ 100 ሚሊዮን ዕድል ነው። በሴኮንድ 500 ሺህ ቢሞከር ሁሉም የሚያልቀው በ200 ሴኮንድ ነው። ቡና እስኪፈላ አይቆይም። ደብሊውፒኤ3 ይህን መንገድ ዘግቶታል፤ እያንዳንዱ ሙከራ ከራውተሩ ጋር መነጋገርን ይጠይቃል።

ስለዚህ ፓስወርዱ ርዝመት ይኑረው። የተፈቀደው ከ8 እስከ 63 ፊደል ነው፤ ከ16 በታች አይውረዱ። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት አምስት የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል አያይዞ መጻፍ ጥሩ ዘዴ ነው፤ «መሰላል ሰባት ደመና ጉንዳን ቁልፍ» እንደማለት (ይህንኑ እንዳይጠቀሙ)። አማርኛን በላቲን ሲጽፉ አንዱን ቃል በብዙ መንገድ መጻፍ ስለሚቻል በዝርዝር ለሚሞክር ሰው ያስቸግራል። ተረትና ምሳሌ፣ የመዝሙር ስንኝ ግን አይሆንም፤ ሰው የሚያውቀው ሐረግ እንደ አንድ ቃል ነው የሚቆጠረው። በግዕዝ ፊደል ለመጻፍም አይሞክሩ፤ ብዙ ራውተር አይቀበለውም፤ ቢቀበለውም ፕሪንተሩ ላይ የሚጽፉበት ኪቦርድ ያጣሉ።

የዋይፋዩ ስምም ከስሌቱ ውስጥ ይገባል። በፋብሪካ ስማቸው ለተተዉ ኔትወርኮች አስቀድሞ የተሰላ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ መጠበቅ ይቻላል፤ ስም መቀየር ይህን ያፈርሳል። የራስዎን ስም ወይም የቤት ቁጥር ግን አያድርጉት።

ስም መደበቅና በማክ አድራሻ (በእያንዳንዱ ዕቃ የዋይፋይ መለያ ቁጥር) መለየት ግን ብዙ የሚመከሩ፣ ጥቂት የሚጠቅሙ ነገሮች ናቸው። ስሙን ከደበቁት ስልክዎ በሄደበት ሁሉ «እገሌ የሚባለው ዋይፋይ አለህ?» እያለ ይጣራል፤ የደበቁትን ስም ራሱ ያወራል። የማክ አድራሻም አየር ላይ ግልጽ ሆኖ ስለሚሄድ አይቶ መቅዳት ይቻላል። ለዚህ የሚጠፋውን ሰዓት ለፈርምዌር ይስጡት።

ደብሊውፒኤስን ያጥፉ

ይህ ለብቻው ርዕስ የተሰጠው ጠንካራውን ፓስወርድ ሁሉ ከንቱ ስለሚያደርገው ነው። ደብሊውፒኤስ ፓስወርድ ሳይጻፍ በ8 አሃዝ ፒን ለማገናኘት የተሠራ ነው። 8 አሃዝ ሲባል 100 ሚሊዮን ዕድል ይመስላል። ስምንተኛው አሃዝ ግን ከሰባቱ ተሰልቶ የሚገኝ ማረጋገጫ ነው፤ ስለዚህ 10 ሚሊዮን ይቀራል። የባሰው ደግሞ ራውተሩ ፒኑን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚያየው፤ የመጀመሪያዎቹ አራት አሃዞች ከተሳሳቱ ሁለተኛውን ግማሽ ሳይጠብቅ «ተሳስተሃል» ይላል። አጥቂው መጀመሪያ አራቱን ብቻ ይፈልጋል፤ ቢበዛ 10,000 ሙከራ። ከዚያ የቀሩትን ሦስት፤ ቢበዛ 1,000። በጠቅላላው 11,000፤ የሰዓታት ሥራ። ይህ ድክመት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2011 ይፋ ከወጣ በኋላ ብዙ አምራቾች ከጥቂት ስህተት በኋላ የሚዘጋ አድርገውታል፤ ግን በገጹ ላይ ጠፍቶም እውስጥ የሚሠራባቸው አሮጌ ሞዴሎች ነበሩ። ቁልፉን በመጫን ለ2 ደቂቃ የሚከፈተው ዓይነት አደጋው ያነሰ ነው፤ እሱንም የማይጠቀሙበት ከሆነ አብረው ያጥፉት።

ከውስጥ የሚከፈተው

ዩፒኤንፒ የሚባል አገልግሎት በብዙ ራውተር ላይ በርቶ ይመጣል። ሥራው ውስጥ ያለ ዕቃ «ለእኔ ፖርት ክፈትልኝ» ሲል ሳይጠይቅ መክፈት ነው። ጌም ኮንሶል ይጠቀምበታል፤ ርካሽ ካሜራም ይጠቀምበታል፤ ቫይረስም ይችላል። ሲያጠፉት አንዳንድ የኦንላይን ጌም «ናቱ ጥብቅ ነው» እያለ ማጉረምረም ይጀምራል። ያኔ ለዚያ ኮንሶል ብቻ የሚያስፈልገውን ፖርት በእጅ መክፈት ይሻላል። በዚያው አጋጣሚ «ፖርት ፎርዋርዲንግ» የሚለውን ዝርዝር ይመልከቱ፤ ምን እንደሆነ የማያስታውሱት መስመር ካለ ይሰርዙ። በተለይ 3389 የሚል ካዩ አንድ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ከነስክሪኑ ለዓለም ተከፍቷል ማለት ነው፤ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ሌቦች አጥብቀው የሚፈልጉት በር ይህ ነው። ካሜራን ከውጭ ለማየት ፖርት አይክፈቱ። ራውተርዎ ዋየርጋርድ የሚባለውን ቪፒኤን (ከውጭ ሆነው በተቆለፈ መስመር ወደ ቤት ኔትወርክ የሚገቡበትን) የሚያውቅ ከሆነ በእሱ ይግቡ፤ ቁልፉ ለሌለው ሰው ጭራሽ መልስ ስለማይሰጥ በሩ መኖሩም አይታወቅም። (በማስታወቂያ የሚሸጠው ቪፒኤን ሌላ ነገር ነው፤ ከቤት የሚወጣውን ዳታ ይሸፍናል እንጂ የቤቱን ኔትወርክ አይጠብቅም።)

ቴሌቪዥን፣ ካሜራ፣ አምፖልና የመሳሰለው አፕዴት የማያገኝ ዕቃ ከሥራ ኮምፒውተርዎ ጋር አንድ ክፍል ማደር የለበትም። ለዚህ ተብሎ ባይሠራም ምቹው መፍትሔ የእንግዳ ኔትወርክ ነው። አዘገጃጀቱ ላይ ሰው የሚሰናከልባቸው ቦታዎች አሉ። ርካሽ ዕቃዎች ብዙዎቹ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው የሚሰሙት፤ ደብሊውፒኤ3ንም አያውቁም። ስለዚህ ዋናውን ኔትወርክ በ3 አጥብቀው፣ የእንግዳውን በ2.4 ጊጋኸርዝ በደብሊውፒኤ2 ይክፈቱ፤ ለእሱም ረጅም ፓስወርድ ይስጡት፤ ፓስወርድ ሳይኖረው ክፍት ሆኖ የሚመጣ አለ። «የውስጥ ኔትወርክን እንዲያይ ፍቀድ» የሚለው ላይ ምልክቱን ያንሱ። ከዚያ ይፈትኑት፤ ስልክዎን ከእንግዳው ጋር አገናኝተው የራውተሩን ገጽ ለመክፈት ይሞክሩ። ከተከፈተ መለያየቱ የይስሙላ ነው። ቅር የሚያሰኘው፣ ስልክዎ ዋናው ላይ ቴሌቪዥኑ እንግዳው ላይ ሲሆኑ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ቴሌቪዥን መላክ አይቻልም። ፕሪንተርም እንዲሁ። እነዚህን የት ማድረግ እንደሚሻል መወሰን የእርስዎ ነው፤ ካሜራና አምፖል ግን ያለ ክርክር እንግዳው ጋ ይሂዱ።

ስለ ኮምፒውተሮቹ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ዋናክራይ እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 ዓለምን ሲያዳርስ የተጠቀመበት የዊንዶውስ ቀዳዳ መድፈኛው የወጣው ማርች 14 ነበር፤ ሁለት ወር ቀድሞ። አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባም በኋላ ማንም ምንም ሳይነካ በፋይል መጋሪያው ፖርት፣ በ445፣ በዚያው ኔትወርክ ላይ ወዳሉት ይዛመት ነበር። አፕዴቱን ያላቆዩት ዳኑ። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። የፋይል ቅጂ የሚይዙበት ሃርድ ዲስክም ሁልጊዜ የተሰካ ከሆነ ቆላፊው ቅጂውንም አብሮ ይቆልፈዋል፤ ቀድተው ይንቀሉት።

የማያውቁት ዕቃ፣ የማይታመን ራውተር

በራውተሩ ገጽ የተገናኙ ዕቃዎች ዝርዝር አለ። ከቤቱ ዕቃ ጋር ሲያስተያዩት ስም የሌለው ቢያገኙ ወዲያው ሌባ አይበሉት። አዳዲስ ስልኮች ለየኔትወርኩ የፈጠራ ማክ አድራሻ ስለሚጠቀሙ ዝርዝሩ ላይ ባዕድ ይመስላሉ። የእያንዳንዱን ዕቃ ዋይፋይ በተራ እያጠፉ ከዝርዝሩ ማን እንደሚጎድል ማየት ነው። ሁሉም ጠፍቶ አሁንም የቀረ ካለ የዋይፋዩን ፓስወርድ ይቀይሩ።

ራውተሩ ራሱ ተይዟል ብለው ከጠረጠሩ፣ ማለትም ዲኤንኤሱ ተቀይሮ ወይም የአድሚን ፓስወርዱ አልሠራ ብሎ ከሆነ፣ አጥፍቶ ማብራት ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2018 በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 ራውተሮችንና የፋይል ማከማቻዎችን የያዘው ቪፒኤንፊልተር የተባለ ቫይረስ ሲደረስበት ኤፍቢአይ ሰዎች ራውተራቸውን አጥፍተው እንዲያበሩ ጠይቆ ነበር፤ ይህ አብዛኛውን ክፍል ያጸዳል፤ የመጀመሪያው ክፍል ግን ከማጥፋት ተርፎ ይቀመጥ ነበር። ወደ ፋብሪካው መመለስ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን አቅራቢው ለመስመሩ የሰጠዎት የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ካለ ጽፈው ይያዙ፤ ያለዚያ ራውተሩ ንጹሕ ይሆናል፣ ኢንተርኔት ግን አይኖርም። አዲሱን ፈርምዌርም አስቀድመው ከአምራቹ ገጽ አውርደው ያስቀምጡ። ከዚያ ከውጭ የሚገባውን የኢንተርኔት ኬብል ይንቀሉ። ራውተሩ እንደበራ በመርፌ ወይም በወረቀት ማያያዣ «ሪሴት» የሚለውን ቀዳዳ ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ይጫኑ፤ መብራቶቹ ሁሉ ጠፍተው እንደገና ይበራሉ። ኬብሉ እንደተነቀለ ፈርምዌሩን ይጫኑ፣ የአድሚን ፓስወርዱን ይቀይሩ፣ ሪሞት ማኔጅመንቱንና ደብሊውፒኤሱን ያጥፉ። ኬብሉን አስቀድመው ቢሰኩት ፓስወርዱን ከእርስዎ ቀድሞ የሚሞክር ሊኖር ይችላል። የድሮውን ሴቲንግ ያስቀመጡበት ፋይል ቢኖርዎትም መልሰው አይጫኑት፤ አጥቂው የቀየረውም እዚያው ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ሁሉንም በእጅ አዲስ ይሙሉት።